ለብ ያለ ውሃ

ቲቸር አስናቀ መሞቱን የሰማሁት ጅማ፣ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ፣ ግማሽ ራሴ ተስተካክሎ ግማሹ ተራውን ሲጠብቅ ነው። ስልኬ ጮኸ። የደወለው ከቦንጋ ነው፤ ድሮ አስናቀ ያስተማረው፣ ዛሬ እዚያው ትምህርት ቤት ራሱ አስተማሪ የሆነ ልጅ።

«ጋሼ፣ ተቀምጠዋል?» አለኝ።

«ተቀምጬ ብቻ? ታስሬያለሁ» አልኩት፤ ፀጉር አስተካካዩ ነጩን ጨርቅ አንገቴ ላይ ጠፍንጎት ነበርና። ልጁ አልሳቀም። የእኔ ቀልድ ባይጥምም እንኳ ሰው ለይሉኝታ ይስቅልኛል። ለይሉኝታ የማይሳቅበት ነገር መጣ ማለት ነው።

አስናቀ አገሩ መንዝ ከገባ ወዲህ ስኳር በሽታ ሲያንገላታው እንደነበር አውቃለሁ። ልጁ ቀብሩ ማለፉን ነገረኝ። ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይ ገባ።

«እትዬ አስካለ አልሰሙም። ማን ያርዳቸው ሲባል ሰፈሩ ሁሉ የእርስዎን ስም ጠራ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ቦንጋ እኔን የሚያውቀኝ በውሸቴ ነው። ግብርና ቢሮ በሠራሁባቸው ዓመታት «የጎጀብን ወንዝ በአንድ እግሬ ዘልዬዋለሁ» ብዬ የማልኩ ሰው ነኝ። እኔ ሄጄ «አስናቀ ሞተ» ብል የድሮ አከራያችን እትዬ አስካለ «ደግሞ ጀመረህ!» ነው የሚሉኝ።

ከመርዶው ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። አስናቀ ቦንጋን ለቆ ሲሄድ አንድ አደራ አስቀምጦብኛል። እትዬ አስካለ መቼም እንዳይሰሙት ያለኝ ነገር አለ። አሁን አደራ ሰጪው ሲሞት አደራው አብሮ ይቀበራል? ወይስ ይብሱን ይጠብቃል? ይህን ሳሰላስል ፀጉር አስተካካዩ «ይቀጥል ጋሼ?» አለኝ።

«ሙልጭ አድርገህ ላጨው» አልኩት።

አስናቀ ባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ ነፋስ የሚያወዛውዘው ሸምበቆ የሚመስል ሰው። ችኩል ሰው አይወድም። አውቶቡስ ሲያመልጠው፣ ቤት ሲያፈስ፣ ደመወዝ ሲዘገይ አንድ ቃል ነበረችው፤ «ቀስ» ይላል። ሌላም ልማድ ነበረው። ማንኛውንም ትኩስ ነገር በጣቱ አይነካም። የሻይ ብርጭቆ ይሁን የታመመ ልጅ ግንባር፣ መጀመሪያ እጁን ገልብጦ በአንጓው ውስጠኛ ወገን ይለካዋል። «ጣት ውሸታም ነው፤ ብዙ ነገር ነክቶ ደንዝዟል። እዚህ ጋ ያለው ቆዳ ግን ገና ሕፃን ነው» ይል ነበር።

ጊዜው መንግሥት ለየሁለተኛ ደረጃው ፕላዝማ የሚባለውን ቴሌቪዥን ያደለበት ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ በሳተላይት የሚመጣው መምህር በእንግሊዝኛ እንደ ፏፏቴ ይወርዳል፤ የክፍሉ አስተማሪ ሥራ ማብራት፣ ማጥፋትና በስተመጨረሻ «ያልገባችሁ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ያልገባቸው ሁሉም ስለሆነ ጥያቄው መልስ አልነበረውም። አንድ ቀን ታዲያ ፕላዝማው ስለ ተሳቢ እንስሳት ሊያስተምር አንድ እባብ እንዳሳየ መብራት ድርግም አለ። አስናቀ ጠመኔውን አንስቶ ትምህርቱን ራሱ ጨረሰው። ተማሪዎቹ በአማርኛም በካፊኖኖም እየጠየቁ እስኪደወል አልተነሱም። «እባብ ካልነኩት ሰው አይነካም» ብሏቸው ኖሮ፣ በማግስቱ ይህንኑ ሊያረጋግጡ እባብ በጆንያ ይዘውለት መጡ። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያገኙት ነው። ደግሞ በባዶ እጃቸው አይደለም የያዙት፤ አስቀድመው በዱላ ጀርባውን ሰብረውታል።

ቡናማ፣ መርዝ የሌለው፣ አይጥ እያደነ ቤት ለቤት የሚኖር እባብ ነበር። ርዝመቱን ከጠየቃችሁኝ ከቦንጋ እስከ ጊምቦ ይደርሳል። አስናቀን ብትጠይቁት ግን «ክንድ ተኩል» ነበር የሚላችሁ። በብስኩት ካርቶን አድርጎ ቤት አመጣው።

ቤት ማለት የእትዬ አስካለ ግቢ ነው። እኔ ከአዳማ ተመድቤ፣ እሱ ከመንዝ፣ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ክፍሎች ተከራይተን እንኖር ነበር። እትዬ አስካለ የዚያው የካፋ ሰው ናቸው። ኮረሪማና ማር ይነግዳሉ። ባላቸው ቀድመው ያረፉ፣ አንድ ልጃቸው ደግሞ ወታደር ሆኖ ከግንባር ያልተመለሰ ሴት ናቸው። ልጅዎ ሞቷል የሚለው ቃል ደርሷቸዋል፤ የት ላይ እንደተመታ፣ ማን ዓይኑን እንደከደነለት የነገራቸው ግን የለም። ስለዚህ ነገር አያወሩም። ሲቆጡ ግን ገበያው ድረስ ይሰማል፤ እኔን ሲቆጡ ደግሞ «አንቺ» ይሉኛል።

ካርቶኑን ከፍተው ያዩ ቀን የጮኹት ጩኸት ማንኪራ ጫካ ድረስ ተሰምቶ ንቦቹ ከቀፎ ወጥተዋል።

«ወይ እሷ ትውጣ ወይ አንተ ውጣ!»

«እትዬ፣ ቀስ። ቁስለኛ ነው» አላቸው አስናቀ።

«ቁስለኛ?»

«መትተውታል።»

ወደ በሩ ተጠጉ። ከበሩ ሳያልፉ አንገታቸውን ብቻ አስገብተው፣ «የት ላይ ነው የተመታው?» አሉ።

አስናቀ ካርቶኑን ወደ ብርሃን አዞረና ጀርባውን አሳያቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ወጥ ቤታቸው ተመለሱ። «ውጡ» የሚለው ነገርም በዚያው ቀረ።

ሰፈሩ ግን አልቀረም። አንዱ «ሰይጣን ነው» አለ፤ ሌላው «መምህሩ ጠንቋይ ነው» አለ፤ ጴንጤዋ ጎረቤታችን በግንቡ ላይ እጇን ዘርግታ ጸለየችበት። በመጨረሻ እባቡ ድኖ በግቢው መዞር ሲጀምር የእድሩ ዳኛ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ።

«እትዬ አስካለ፣ ግቢዎ ሰይጣን ገብቷል እየተባለ ነው።»

«ሰይጣኑ ድሮም አለ» አሉና ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይሄው፣ ከግብርና ቢሮ የመጣው። እባቡ ምን አደረገ?»

«ቢነድፍስ?»

«ጥርስ እንጂ መርዝ የለውም። እናንተ ግን ሁለቱም አላችሁ። ኮረሪማዬን ሲበላ የኖረው አይጥ ሁሉ አለቀ። እናንተ አንድ አይጥ ገድላችሁልኛል?»

ዳኛው ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ እባቡ በበሩ ስር አንገቱን ብቅ ሲያደርግ ግን አፋቸውን እንደከፈቱ ሮጡ። ከዚያ ወዲያ የእድሩ ጉዳይ ተዘጋ።

አሁን ወደ እጥበቱ ልምጣ። ቦንጋ ውስጥ «እባብ የሚያጥበው አስተማሪ» ሲባል ሕፃን ልጅ ቤቱን ያሳይ ነበርና።

«እባብ ራሱን ይጠብቃል፤ መታጠብ አያስፈልገውም» ይል ነበር አስናቀ። «የኛው ግን ጀርባው ጠባሳ አለው። ቆዳውን ሲቀይር አሮጌው እዚያ ጠባሳ ላይ ይያዝበታል። ነክሮ ማላቀቅ ነው።» ስለዚህ እሑድ እሑድ፣ እትዬ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ሰማያዊዋ ሳፋ ደጃፉ ላይ ትወጣለች። ሳፋዋ የእባቡ ብቻ ናት። ሰው አይታጠብባትም፣ ዕቃ አይታጠብባትም፣ ወጥ ቤት አትገባም፤ ከእጥበቱ በኋላም በበረኪና ትፈገፈጋለች። ሳሙና ክልክል ነው። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ አንጓው ላይ ሲያፈሰው መሙቀቱም መቀዝቀዙም እስከማይታወቀው ድረስ እየጨመረ እየቀነሰ ይለካዋል። ጥልቀቱንም ይጠነቀቃል።

«ከወገቡ እንዳያልፍ» አለኝ አንድ ቀን ባልዲውን ሲያቀብለኝ።

«እባብ ወገቡ የት ጋ ነው?»

አሰበበት። እኔ እየቀለድኩ ነው፤ እሱ የምሩን አሰበበት። «ሳይደክመው ራሱን ከውሃ በላይ ማቆም ከቻለ፣ ያ ወገቡ ነው» አለ።

ሳፋዋ ውስጥ አንድ ሻካራ ድንጋይ ያስቀምጥለታል። እባቡ ድንጋዩ ላይ እየተሻሸ፣ እየተጥመለመለ፣ ምላሱን ብልጭ እያደረገ ይሽከረከራል። አስናቀ ከአጠገቡ ንቅንቅ አይልም። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው ቢጣሩ እንኳ «ቀስ፣ ልጁ ውሃ ውስጥ ነው» ብሎ ያስጠብቃቸዋል። ሻይ ፈልቶ እስኪወርድ ያህል ቆይቶ ያወጣዋል፤ በፎጣ ያደርቀዋል፤ አይፈትገውም፣ ጫን ጫን ብቻ። ከዚያ ሁላችንም፣ ያልነካነውም ጭምር፣ እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን። እኔ እንዲህ ያለ እጥበት ከተወለድኩ አላገኘሁም። እናቴ እኔን ታጥበኝ የነበረው እንደ ድንች ነው።

እትዬ አስካለ መጀመሪያ ከወጥ ቤታቸው በር ላይ ሆነው ያዩ ነበር። ከዚያ በርጩማ ይዘው ወደ ግቢው መሃል መጡ። ከዚያ ፎጣ ያዥ ሆኑ። ስሙንም ያወጡት እሳቸው ናቸው። እኔ ቆዳ ስለሚቀያይር «ካድሬ» እንበለው ስል አስናቀ በድንጋጤ አፌን በእጁ ከድኖኛል። እትዬ አስካለ ግን «ቡሾ» አሉት። በካፊኖኖ ልጅ እንደማለት ነው።

ቡሾ አስናቀንና እትዬን እናትና ልጅ አደረጋቸው። አስናቀ ኪራይ ከፋይ መሆኑ ተረሳ። ድስታቸውን ከፍቶ «እትዬ፣ ጨው የለውም!» እያለ ይጮህባቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ «ከመንዝ ድረስ ምላስህን ብቻ ነው ይዘህ የመጣኸው?» እያሉ በማማሰያ ያባርሩታል። በየቀኑ ይጣላሉ፣ በየቀኑ አብረው ይበላሉ። ቦንጋ ቤት ሠርቶ ሊቀር እንዳሰበ ለእኔ ነግሮኛል። እሳቸው ደግሞ ከእሱ ቀድመው የኋላውን ቦታ አስጠርገውለታል።

ከዚያ ሰኔ መጣ። አስናቀ ለአገር አቀፍ ፈተና ፈታኝ ሆኖ ወደ ጌሻ ወረዳ፣ ደካ ከተማ ተመደበ። የሄደው ቡሾ ቆዳ መቀየር በጀመረበት ሳምንት ነው። እባብ ቆዳ ሊለውጥ ሲል ዓይኑ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፤ አይበላም፣ አይንቀሳቀስም፤ ላላወቀው ሰው የሚሞት ነው የሚመስለው። አስናቀ ሲወጣ ለእትዬ አስካለ፣ «የሚጠጣውን ውሃ ብቻ ይሙሉለት። ሌላ ምንም አይንኩት። ስመለስ እኔ እነክረዋለሁ» አላቸው። እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ።

ፈተናው በጊዜው አለቀ። መንገዱ ግን በጊዜው አልተከፈተም። የካፋ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ለማቆም የካቢኔ ውሳኔ ይፈልጋል። ከደካ የሚመጣው መንገድ በክረምት ምኞት እንጂ መንገድ አይደለም፤ መኪኖቹ ጭቃ ውስጥ እስከ መስኮታቸው ሰጥመው ሹፌሮቹ በጣሪያ ይወጣሉ። ስልክም አይሠራም። ቤት ውስጥ ቡሾ ዓይኑ እንደነጣ፣ አሮጌው ቆዳ ጠባሳው ላይ ተይዞ እንደ ቁራጭ ጨርቅ ተንጠልጥሎ፣ ካርቶኑ ጥግ ላይ ተኮማትሯል። ብርዱ ደግሞ አጥንት ይበላል።

እትዬ አስካለ በቀን ብዙ ጊዜ እየገቡ ያዩታል። «በርዶታል። ዓይኑም ጠፋ» ይሉኛል። «አስናቀ አይነካ ብሏል» እላቸዋለሁ። «አስናቀ የት አለ?» ይሉኛል። እኔም ወደ መንገዱ አያለሁ።

አንድ ቀን ከቢሮ ስመለስ ግቢው ለጋ ቅቤ፣ ለጋ ቅቤ ይሸታል። አዲስ የተወለደ ልጅ ያለበት ቤት ሽታ ነው። እትዬ አስካለ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ልክ እንደ አራስ ጠያቂ ያበራል። ጭናቸው ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል።

«አጠብኩት» አሉኝ። «ቆዳው በሙሉ ወጣ። ቅቤም ቀባሁት። አሁን ሞቆት ተኝቷል።»

ሰው በዚያ አገር ጨቅላ ሲያጥብ እንዲሁ ነው። ውሃው ሞቅ ይላል፤ ከውሃው ሲወጣ በቅቤ ይታሻል፤ በነጠላ ተጠቅልሎ እሳት ዳር ይታቀፋል፤ ልጁም አልቅሶ አልቅሶ እንቅልፍ ይወስደዋል። እሳቸው የሚያውቁትን ፍቅር ሁሉ፣ ቅደም ተከተሉን ሳያዛንፉ ነው የሰጡት። ጨቅላ ልጅ ሲሞቀው ያልባል፣ ይጮሃል፤ እባብ ግን ማላብም መጮህም አያውቅም። የሰው ሙቀት ለእሱ እሳት ነው። ይህን እኔ ያን ቀን አላወቅሁም። ነጠላውን ገለጥ አድርጌ ሳየው ቅርፊቱ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ከዚያ የበለጠ ቆንጆ እባብ አላየሁም። ተኝቷል ያሉኝን አመንኩ።

አስናቀ በማግስቱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ካርቶኑ ሄደ። እትዬ አስካለ ቡሾን ከነነጠላው መልሰው አስተኝተውት ነበር። አስናቀ ነጠላውን ፈታ። እጁን ገልብጦ በአንጓው ነካው። እንደዚያ እንዳደረገ ረጅም ጊዜ ቆየ። ጣቱን በቅርፊቱ መሃል ሲያሳልፍ የረጋ ቅቤ ወጣ። በበሩ በኩል ምድጃውን አየ፤ ሳፋዋን አየ፤ እኔን አየ። አንድም ቃል ሳልናገር ሁሉንም አነበበው።

እትዬ አስካለ ከኋላው ቆመው፣ «አልተነሳም እንዴ?» አሉ።

አስናቀ ዞር ሳይል፣ ወደ ካርቶኑ እንዳቀረቀረ፣ «አርጅቶ ነው እትዬ» አለ። «ሲያረጁ ቆዳ መቀየሩ ይከብዳቸዋል። እኔም ብኖር ይሞት ነበር።»

«አርጅቶ?»

«አርጅቶ ነው።»

የዚያ ሰው ድምፅ ሲዋሽ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። በውሸት እኔን የሚያህል ባለሙያ በሌለበት ከተማ ይህን እመሰክራለሁ፦ ጥሩ ውሸት አልነበረም። እባቡ ገና ጎረምሳ እንደሆነ ከዚያ ቀደም ስንት ጊዜ ነግሮናል!

ቡሾን ከጓሮ ከኮባው ስር ቀበርነው። አስናቀ ሲቆፍር፣ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆሙ። ሰው የሚስቅብን መስሎኝ ግንቡን አየሁ፤ ጴንጤዋ ጎረቤት ቆማ ነበር። አልሳቀችም።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ተበላሸ። ማንም አልጮኸም፤ የተበላሸውም በዚያ ነው። አስናቀ በአንድ ጊዜ ጨዋ ሆነ። ምግብ ሲቀርብለት ከመቀመጫው ይነሳል፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ግሩም ነው» ይላል። አንድ ቀን ጨው ጨርሶ ያልገባበትን ወጥ «ግሩም ነው» ሲል ሰምቼ እኔ ነኝ ትን ያለኝ። እትዬ አስካለም ማማሰያቸውን ረሱት። «ይጨመርልህ?» ይላሉ፣ እንደ እንግዳ። «በቃኝ፣ ተባረኩ» ይላል፣ እንደ እንግዳ። እሑድ ሲሆን ሳፋዋ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥላ ሁለቱም በሌላ በሌላ በኩል ያያሉ። እሱ ዝም የሚለው እሳቸውን እንዳይሰብር ነው። እሳቸውስ? የእሳቸው አልገባኝም ነበር። እባቡ አሳዝኗቸው ነው ብዬ ነበር።

ክረምቱ ሳያልቅ አስናቀ ዝውውር ጠየቀ። መናኸሪያ የሸኘሁት እኔ ነኝ። እትዬ አስካለ አንድ ቆርቆሮ ማር ሰጥተውት ከበር ተመለሱ። አውቶቡሱ ሳይነሳ በመስኮት ጎንበስ ብሎ አደራውን ነገረኝ።

«ውሃው ነው የገደለው ብላቸው ምን የሚሉ ይመስልሃል? አንዱ ልጄ ሳላየው ሞተ፣ ሁለተኛውን በእጄ ገደልኩት ነው የሚሉት። እባብ እኮ ነው ብትላቸው አይሰሙህም። ስለዚህ አንተ ቀባጣሪ፣ ዕድሜህን ሙሉ አንድ ነገር ዝም በል።»

«ታዲያ አንተ ለምን ትሄዳለህ? ዝም ብለህ አትኖርም?»

«ፊታቸውን ሳይ ልነግራቸው እየደረስኩ እኮ ነው» አለኝ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እንኳ ሹፌሩን «ቀስ» ሲለው ሰምቻለሁ።

እኔም ጅማ ከገባሁ በኋላ ለዓመታት የሁለቱ ፖስታ ቤት እኔ ነበርኩ። በየበዓሉ ለእሱ ስደውል «እትዬ እንዴት ናቸው?» ይላል። ለእሳቸው ስደውል «አስናቀ ደህና ነው?» ይላሉ። «ለምን ራሳችሁ አትደዋወሉም? እኔ ቴሌ ነኝ?» ብዬ ቀልጃለሁ። ሁለቱም ስቀው አለፉኝ። አንድ ጊዜ አስናቀ፣ «ለፋሲካ መጥቼ አያቸዋለሁ» አለ። ፋሲካው መጣ፤ እሱ ግን አልመጣም። ሌላም ፋሲካ መጣ።

ወደ መርዶው ልመለስ። ቦንጋ አመሻሽ ላይ ደርሼ ከደወለልኝ ልጅ ቤት አደርኩና፣ ወግ ነውና ማልደን ሄድን። ጎረቤቶቹ ከግቢው በር ውጭ ቆመው እኔን አስቀደሙኝ። እትዬ አስካለ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ኮረሪማ ይፈለፍላሉ። አርጅተዋል፤ ጣታቸው ግን እንደ ድሮው ፈጣን ነው። እኔ የምጀምርበትን ቃል ከጅማ ጀምሮ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። አላስፈለገም። ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው ከፊቴ ወደ ተላጨው ራሴ ወጣ።

«አንቺ... ራስሽን ተላጭተሻል» አሉኝ።

ባርኔጣዬን በእጄ እያሻሸሁ ቆምኩ።

«አስናቀ ነው?»

«አስናቀ ነው እትዬ።»

አልጮኹም። ኮረሪማው ከጭናቸው ተበተነ። ከውጭ የቆሙት የእኔን ቃል ሰምተው ጩኸቱን ጀመሩት፤ ሴቶቹ ገብተው ከበቧቸው፤ ተለቀሰ። ጋብ ሲል እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣

«ያን ጊዜ የቡሾን ውሃ በክርኔ ለክቼው ነበር» አሉኝ። «ለልጄ በለካሁበት ክርን። ነጠላው ውስጥ ሲላወስ፣ ደስ ብሎት ነው አልኩ። ማታውን አልተላወሰም። አስናቀ ሳይመጣ ነው ያወቅሁት።»

ዕድሜዬን ሙሉ ይዤው የዞርኩት አደራ፣ ለካ እሳቸው ከእኔ በፊት ነበራቸው።

«ታዲያ አርጅቶ ነው ሲልዎት?»

«አላየኝም። ዞሮ አላየኝም። ያኔ እንዳወቀ አወቅሁ። ጠበቅሁት። ይቆጣኛል፣ አትንኪው አላልኩሽም ወይ ይለኛል፣ ጥፋተኛ ነሽ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። እግዜር ይስጥልኝ ይለኛል!» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ልጅ እናቱን ይቆጣል። የማይቆጣ እንግዳ ነው። እንግዳ አደረገኝ ብዬ እኔም እንግዳ አደረግኩት።»

«እርስዎን እንዳይሰብር ብሎ ነው። በመናኸሪያ ነግሮኛል» አልኳቸው። አደራው በቃ በዚያው አለቀ።

«አሁን ትነግረኛለህ?» አሉ። አልተቆጡም። እንዲያው ጠየቁ ብቻ። መልስ የሚሆን ቀልድ በሕይወቴ ፈልጌ ያጣሁት ያን ጊዜ ነው።

ጎረቤቶቹ ፊት መታጠቢያ ውሃ እናምጣ አሉ። እትዬ አስካለ «ተዉት፣ እኔ» ብለው ተነሱ። ሰማያዊዋ ሳፋ አሁንም ግድግዳው ላይ ተንጠልጥላለች፤ ቀለሟ በፀሐይ ወደ ነጭነት ሄዷል። እሷን አልነኳትም። ከወጥ ቤት ሌላ ጣሳ አመጡ፤ ከምድጃው ትኩሱን ቀዱ፣ ከእንስራው ቀዝቃዛውን ጨመሩ። ከዚያ ያንን ቀጭን እጃቸውን ገለበጡና ውሃውን በአንጓቸው ውስጠኛ ወገን ላይ ጠብ ጠብ አደረጉት። ቆሙ። ትንሽ ቀዝቃዛ ጨመሩ። እንደገና ለኩት።

«ቀስ ብለህ ታጠብ» አሉኝ።

እጄን ዘረጋሁ፤ አፈሰሱልኝ። ውሃው ልክ ነበር።